የኤሚሊ ሮዝ ፊልም፦ ችሎቱ የጠየቀውና ሳይጠይቅ ያለፈው

ጽጌ አራት ኪሎ

መጨረሻውን ስለምናገር ያላያችሁት ቀድማችሁ እዩት።

«ዘ ኤክሶርሲዝም ኦፍ ኤሚሊ ሮዝ»ን ሰሞኑን እንደገና አየሁት። በ2005 የወጣ የስኮት ዴሪክሰን ፊልም ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሰው ስለዚህ ፊልም ሲያወራ የሚያነሣው ልጅቷ በረት ውስጥ ሲጸለይላት የጮኸችውን ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን ችሎቱ ነው። ጋኔን የሚወጣበት ፊልም ሞልቷል። የተጸለየላት ልጅ ሞታ ካህኑ ፍርድ ቤት የሚቆምበት ግን ብዙ አይገኝም።

ታሪኩ ባጭሩ ይኸው። ኤሚሊ ከገጠር የመጣች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚቃጠል ነገር ይሸታታል፣ ከዚያ ሰውነቷ ይገተራል፣ የሰው ፊት ይለዋወጥባታል። ሐኪሞች የሚጥል በሽታና የአእምሮ ሕመም ነው ብለው መድኃኒት ይጀምሩላታል። እሷና ቤተሰቧ ግን መንፈስ ነው ብለው አባ ሙር የሚባሉ ካህን ይጠራሉ። ጸሎቱ አልሠራም፣ መድኃኒቱም ተቋረጠ፣ ልጅቷ ተጎሳቁላ ሞተች። ካህኑ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተከሰሱ።

የፊልሙ ጥሩ ሐሳብ እዚህ ላይ ነው ያለው። ዐቃቤ ሕጉ ቤተ ክርስቲያን የማይቀር ሃይማኖተኛ ነው። ለካህኑ የምትከራከረዋ ኤሪን ብሩነር ደግሞ እግዚአብሔር ይኑር አይኑር ያልቆረጠላት ሴት ናት። አማኙ ካህኑን ይከሳል፣ ተጠራጣሪዋ ትከላከላለች። ጠበቃዋን የምትሠራው ላውራ ሊኒና ካህኑን የሚሠራው ቶም ዊልኪንሰን ሁለቱ ብቻ ተቀምጠው የሚነጋገሩባቸውን ቦታዎች ከጩኸቱ ሁሉ አስበልጣቸዋለሁ። ካህኑ ጥፋተኛ ነኝ ብለው ቀለል ያለ ቅጣት እንዲቀበሉ ቢለመኑም እምቢ ይላሉ። የሚፈልጉት የኤሚሊን ታሪክ በአደባባይ መናገር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የጠበቃዋ የመጨረሻ ክርክር ሲጨመቅ «ይህ ነገር እውነት ሊሆን አይችልም ብላችሁ እርግጠኛ ናችሁ?» የሚል ነው። የፊልሙ መነሻ የሆነውን እውነተኛ ጉዳይ ካነበብኩ በኋላ ይሄ ጥያቄ አልዋጥልህ አለኝ። አኔሊዜ ሚሼል የምትባል ጀርመናዊት ተማሪ ናት። በ1976 ጁላይ 1 ቀን፣ በ23 ዓመቷ ስትሞት ክብደቷ 30 ኪሎ ገደማ ነበር። አሥር ወር በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ 67 ጊዜ የማስወጣት ጸሎት ተደርጎላታል። የሞተችው ግን በምግብና በፈሳሽ እጥረት ነው፤ በመጨረሻዎቹ ወራት ሕክምና አላገኘችም። ጋኔን አለ የለም የሚለውን ሊቃውንት ይከራከሩበት። አጥንቷ የወጣ ልጅ ፊታቸው ተኝታ እያዩ ሐኪም ቤት ያልወሰዷት ለምንድን ነው? ፊልሙ ይህን ጥያቄ ዳር ዳር ብሎት ያልፋል። ወላጆቿንም ጭራሽ ከክሱ አውጥቷቸዋል። በእውነተኛው ችሎት እናትና አባት ከሁለት ካህናት ጋር ተከሳሽ ነበሩ።

እናንተስ እንዴት አያችሁት?

ናቲ የሆረር ሰው

ጽጌ፣ በደንብ ነው የጻፍሽው ግን ፊልሙን ዶክመንተሪ እንዲሆንልሽ እየጠየቅሽው መሰለኝ። እኔ የምወደው ሁለት ዓይነት ማየት ስለሚያሳይ ነው። አንዱ ምስክር ተነሥቶ ይህ ሕመም ነው ሲል ልጅቷ መሬት ላይ ደርቃ እናያታለን። ሌላው መንፈስ ነው ሲል ያንኑ ሌሊት በእሷ ዓይን እናየዋለን። አንድ ክስተት፣ ሁለት ታሪክ። ችሎት ማለት ራሱ ይኸው አይደል? ዴሪክሰን አማኝ ነው፣ አብሮት የጻፈው ፖል ሃሪስ ቦርድማን ደግሞ ተጠራጣሪ ነው፤ ይህ ልዩነታቸው እያንዳንዱ ትዕይንት ላይ ይታያል።

ኤሚሊን ስለሠራችው ጄኒፈር ካርፔንተር ደግሞ ሳላወራ አላልፍም። ያ የሰውነት መጠማዘዝ አብዛኛው የራሷ ነው፣ ኮምፒውተር አይደለም። ላውራ ሊኒ ናት ለዚህ ፊልም የጠቆመቻት። በ2002 ብሮድዌይ ላይ የአርተር ሚለርን «ዘ ክሩሲብል» አብረው ሠርተው ነበር። እሱም ስለ ጠንቋይ ፍርድ የተጻፈ ቴአትር ነው፤ ሁለቱም ሴቶች ከአንዱ ችሎት ወደ ሌላው የተሻገሩ ነው የሚመስለው። ፊልሙ በ20 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ተሠርቶ ከ140 ሚሊዮን በላይ አስገባ። ደም ሳያፈሱ ይህን ያህል ማስፈራት ቀላል ሥራ አይደለም።

ያ የሌሊት 9 ሰዓት ነገር ግን እስካሁን እንቅልፍ ይነሳኛል። ድንገት ነቅቼ ሰዓት ሳይ 9 ከሆነ አለቀልኝ።

ሲስተር ሰናይት

ነርስ ነኝ፣ ስለ ሽታው ልናገር። የሚጥል በሽታ ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው ወድቆ መንፈራገጥን ነው። አንዱ ዓይነት ግን ጆሮ አካባቢ ካለው የአንጎል ክፍል ይነሣል። ሕመምተኛው ከመውደቁ በፊት፣ አንዳንዴም ጭራሽ ሳይወድቅ፣ የሌለ ሽታ ይሸተዋል። የሚቃጠል ጎማ፣ የሚቃጠል ፀጉር የሚሉ አሉ። ድንገተኛ ፍርሃት ይወርራቸዋል። የሌለ ድምፅ የሚሰሙ፣ የሌለ ፊት የሚያዩም አሉ። አኔሊዜም የተባለችው ይህ ዓይነት እንዳለባት ነው። ስለዚህ ፊልሙ ላይ እናንተን ያስፈራችሁ ሽታ ለእኔ የምልክት ዝርዝር ነው። ልጅቷ አልዋሸችም። የሸተታት በእርግጥ ሸቷታል።

ያናደደኝ ነገር ግን አለ። ፊልሙ ውስጥ አንዲት የአንትሮፖሎጂ ባለሙያ ተጠርታ መድኃኒቱ ራሱ ጸሎቱ እንዳይሠራ አድርጎታል የሚል ምስክርነት ትሰጣለች። የመድኃኒቱ ስም ለፊልሙ የተፈጠረ ነው። ተመልካቹ ግን ይዞ የሚወጣው «መድኃኒቱ ነው የጎዳት» የሚለውን ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ እኮ ሰው ይገድላል! ሕመሙ ሳያቋርጥ ተከታትሎ ይነሣል፣ አንጎል ይጎዳል። ጠበል ቦታ መድኃኒቷን ጣይ ተብላ፣ ከዚያ ሳትነቃ ሆስፒታል የደረሰች ወጣት ተቀብዬ አውቃለሁ። እናቷ እግሬ ላይ ወድቃ ስታለቅስ ምን እንደምላት ጠፍቶኝ ነበር። ለዚህ ነው ይህን ፊልም እንደ ጨዋታ ማየት ያቃተኝ።

ማክዳ ፍራንክፈርት

እኔ ያለሁት ጉዳዩ ከተፈጸመበት አካባቢ ሩቅ አይደለም። ክሊንገንበርግ ማይን ወንዝ ዳር ያለች፣ በወይን ጠጅ የምትታወቅ ትንሽ ከተማ ናት። አኔሊዜ ያደገችው እዚያ ነው፤ ቤተሰቡ በጣም አጥባቂ ካቶሊክ ነበር። በ1968 ገና ተማሪ ሳለች ነው ሕመሙ የጀመራት። በኋላ ቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ለመምህርነት ተማረች። የቩርትስቡርጉ ጳጳስ ዮሴፍ ሽታንግል በ1975 ሴፕቴምበር ፈቃድ ሰጡና ጸሎቱ ተጀመረ። እኚሁ ጳጳስ ናቸው ከሁለት ዓመት በኋላ ራትሲንገርን፣ ኋላ ፖፕ ቤኔዲክት የሆኑትን፣ የጵጵስና ማዕረግ የሾሟቸው። ጳጳሱ ግን አልተከሰሱም።

የጸሎቱ ድምፅ በካሴት ተቀድቷል፣ ከአርባ በላይ ካሴት ነው። በ1978 አሻፈንቡርግ ላይ ችሎቱ ሲሰየም ተከላካዮቹ ካሴቶቹን አሰሙ። በእሷ አንደበት የተናገሩት አጋንንት ስማቸው ሉሲፈር፣ ቃየን፣ ይሁዳ፣ ኔሮን፣ ሂትለር፣ ደግሞም ፍላይሽማን የሚባል ከዘመናት በፊት የነበረ ቄስ ነው ተባለ። ፊልሙ ሂትለርንና ቄሱን አውጥቶ ሌጌዎንንና ቤልሆርን ነው የተካው። ጀርመን ውስጥ በ1970ዎቹ አንዲት ልጅ ሂትለር ውስጤ አለ ብላ ስትጮህ ያ ቤተሰብ፣ ያ ትውልድ ምን ተሸክሞ እንደነበር ማሰብ ነው። ታሪኩ አሜሪካ ሲሄድ ይሄ ሁሉ ጠፋ። እኔን በጣም የሚቆጨኝ እሱ ነው።

መቃብሯን ዛሬም የሚሳለሙ ሰዎች አሉ። እንደ ሰማዕት የሚያዩዋት።

ጀርመኖቹ ራሳቸው በ2006 «ሬኩዊም» የሚል ፊልም ሠርተውበታል፣ የሃንስ ክርስቲያን ሽሚድ። እዚያ ውስጥ ጋኔን አታዩም። የምታዩት የምትታመም ልጅና የጨነቃት እናት ነው። ልጅቷን የሠራችው ሳንድራ ሁለር በርሊን የፊልም ፌስቲቫል ላይ በምርጥ ተዋናይትነት የብር ድብ ሽልማት የወሰደችው በዚህ ነው። ጽጌ፣ አንቺ የፈለግሽው ፊልም እሱ ነው።

ጠበቃዋ

የሕጉን ነገር ላንሳ፤ ፊልሙ ብዙ ሰው ያሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በቸልተኝነት ሰው መግደል ክስ ላይ ዋናው ነገር ተከሳሹ ምን ያምን ነበር የሚለው አይደለም። በእሱ ቦታ ያለ አስተዋይ ሰው አደጋውን ማየት ነበረበት ወይ? ማየት ከነበረበትስ ማድረግ የሚገባውን አድርጓል ወይ? በእኛ የወንጀል ሕግም አንቀጽ 543 ላይ ያለው ነገር ከዚህ አይርቅም። ከልብ ማመን ሰውየው ሊገድል አላሰበም ለማለት ይረዳዋል፣ ከቸልተኝነት ግን ነጻ አያወጣውም። ስለዚህ ኤሪን ብሩነር ጁሪውን (ከሕዝብ ተውጣጥተው ጥፋተኝነትን ያለ ዳኛ የሚወስኑትን ሰዎች) «እርግጠኛ ናችሁ?» ስትል በጣም ጎበዝ ጠበቃ ናት፤ ክርክሩን ደንበኛዋ ወደሚያሸንፉበት ሜዳ ነው የወሰደችው። ዐቃቤ ሕጉ ወደ ምግቡና ወደ ሐኪሙ እየመለሰ መያዝ ነበረበት። እኔ ብሆን ክብደቷን በየወሩ ከፋፍዬ ግድግዳ ላይ እሰቅለው ነበር።

ሁለተኛ፣ ጁሪ የሚባል ነገር እኛ ዘንድ የለም። ጀርመንም ከ1924 ጀምሮ የለም፤ ባለሙያ ዳኞች ከሕዝብ ከተመረጡ ሰዎች ጋር አብረው ተቀምጠው ይፈርዳሉ፣ ውሳኔውንም በጽሑፍ በምክንያት ያስረዳሉ። አሥራ ሁለት ሰው ገብቶ «ጥፋተኛ ናቸው፣ ግን እስካሁን የታሰሩት ይበቃቸዋል» ብሎ የሚወጣበት የፊልሙ መጨረሻ የሆሊውድ ነው።

ግን የሚገርማችሁ፣ ከእውነታው ያን ያህል አይርቅም። የጀርመን ዐቃቤ ሕግ የጠየቀው ካህናቱ በገንዘብ እንዲቀጡ፣ ወላጆቹ ግን ጥፋተኛ ተብለው ያለ ቅጣት እንዲሰናበቱ ነበር። በሕጋቸው የድርጊቱ ውጤት ራሱ ተከሳሹን ክፉኛ ከጎዳው ቅጣት መተው ይቻላል። ልጁን ከቀበረ ወላጅ በላይ ማን ተጎዳ? ፍርድ ቤቱ ግን ከተጠየቀው በላይ ሄዶ አራቱንም ስድስት ወር እስራት ፈረደባቸው፣ በሦስት ዓመት ገደብ።

ብሩክ ቨርጂኒያ

ሁላችሁም በአንድ ወገን ቆማችሁ ነው የምትጽፉት። እኔ ካህኑን ነጻ የማወጣ ሰው ነኝ።

ልጅቷ ሕፃን አልነበረችም። 23 ዓመቷ ነው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ለዓመታት ሐኪም ዘንድ ተመላልሳለች፣ መድኃኒት ወስዳለች፣ አልተሻላትም። ሐኪሞቹ ሲያቅታቸው ማንም አልከሰሳቸውም፣ ካህናቱ ሲያቅታቸው ወንጀለኛ ሆኑ። እሷ ራሷ ናት ጸሎቱን የፈለገችው፣ አልበላም ያለችውም እሷ ናት። አስገድደው ሊያበሏት ነበር? እጅና እግሯን አስረው? ያኔ ደግሞ በሌላ ወንጀል ይከሰሱ ነበር። እኛ አበሻዎች መንፈስ የሚባል ነገር መኖሩን ከቤታችን እናውቃለን፣ ፈረንጅ ፊት ስንሆን ግን እናፍራለን። ጠበል ሄዶ ሲጮህ የነበረ ድኖ የተመለሰ ዘመድ የሌለው ማን አለ እስቲ?

ጽጌ አራት ኪሎ

ብሩክ፣ እኔ መንፈስ የለም አላልኩም። አንድም ቦታ አልጻፍኩም። የሐኪሞቹን ነገር ግን ልክ ነህ፣ ልጅቷን የሰማት ሐኪም የነበረ አይመስለኝም፤ ካህናቱ ቢያንስ ተቀምጠው ሰምተዋታል። ፊልሙ አባ ሙርን እንዲህ እንድንወዳቸው ያደረገው በዚህ ነው፣ እሱን አደንቅለታለሁ።

ፈቃደኝነቷን ግን እንዳነሣኸው አልቀበለውም። ካህናቱና ወላጆቹ በእሷ አንደበት የሚናገረው እሷ አይደለችም፣ ጋኔኑ ነው ይሉ ነበር። አይደል? እንግዲያው አልበላም ያለው ማን ነው? ጋኔኑ ከሆነ ለምን ታዘዙት? እሷ ከሆነች ደግሞ የታመመች ልጅ ናት። በሁለቱም መንገድ ብትሄድ ሐኪም ቤት ነው የሚያደርስህ።

ዲያቆን ዘሚካኤል

ክርክራችሁን ስከታተል ቆየሁ፤ ከቤተ ክርስቲያን በኩል ጥቂት ልበል።

ብሩክ ወንድሜ፣ መንፈስ መኖሩን ለማመን አንተም እኔም አንቸገርም። የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ አረፋ የሚደፍቀውን፣ እሳትና ውኃ ውስጥ የሚጥለውን ልጅ አስታውስ። ደቀ መዛሙርቱ እኛ ልናወጣው ያልቻልን ለምንድን ነው ሲሉ ጌታችን ይህ ወገን ያለ ጸሎትና ያለ ጾም አይወጣም አላቸው። ልብ በል፣ የተናገረው ለደቀ መዛሙርቱ ነው። የሚጾሙት የሚጸልዩት ናቸው፣ ልጁ አይደለም። ማክዳ የጠቀሰችው ሌጌዎን ያለበት ምዕራፍ 5 መጨረሻው ላይ ደግሞ የኢያኢሮስ ልጅ አለች። ከሞት ካስነሣት በኋላ ያዘዘው ምንድን ነው? የምትበላውን ስጧት አለ።

የካቶሊኮቹ የራሳቸው ሥርዓትም እንዲህ ነው የሚለው። በ1614 የወጣው መጽሐፋቸው ካህኑ አንድ ሰው ጋኔን አለበት ብሎ በቀላሉ እንዳያምን አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። በ1999 ሲያሻሽሉት ሕመምን ከመንፈስ መለየትን የበለጠ አጠበቁት። ችግሩ የትእዛዝ እጦት አልነበረም።

እኛ ዘንድም ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን ጠበል ሲጠመቁ መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ በይፋ ተናግረው ነበር። መድኃኒትህን ጣል የሚል አጥማቂ ቢያጋጥማችሁ ይህን የሚለው ከራሱ ነው።

ናቲ የሆረር ሰው

ዲያቆን፣ የኢያኢሮስን ልጅ በዚህ መንገድ አስቤያት አላውቅም። ያቆዩልኝ።

ግን አንድ ጥያቄ ለጽጌና ለጠበቃዋ። ፊልሙ ውስጥ እኮ ሐኪም አለ። ዶክተር ካርትራይት በረቱ ውስጥ ነበር። ሊመሰክር ሲል ነው በመኪና ተገጭቶ የሞተው። እሱ ቢመሰክር ምን ይለወጥ ነበር?

ጠበቃዋ

ለተከላካዩ ያግዛል ብዬ አላስብም። ጥሩ ዐቃቤ ሕግ ቢይዘው መስቀለኛ ጥያቄው አጭር ነው። ሐኪም ነህ? አዎ። ክብደቷን መዝነሃል? የደም ግፊቷን ለክተሃል? ግሉኮስ ሰጥተሃታል? ሆስፒታል ትሂድ ብለሃል? ካላለ ከካህኑ ጎን ተከሳሽ ሆኖ ይቀመጣል። ደራሲዎቹ ከመመስከሩ በፊት የገደሉት ለፍርሃቱ ሲሉ ነው፣ ግን ከዚህ ጥያቄም ገላግለውታል።

ጽጌ አራት ኪሎ

እኔም የምለው ይኸው ነው። ፊልሙ ሐኪም በረት ውስጥ ማስገባቱ ራሱ የሆነ ነገር ይነግረኛል። ጸሐፊዎቹ ተመልካቹ «ሐኪም የት አለ?» ብሎ እንደሚጠይቅ አውቀዋል። ስለዚህ አንድ አስገቡ፣ ታሪኩን ሊናገር ሲል ደግሞ አወጡት። ከሁሉ የምፈልገው ምስክርነት የእሱ ነበር።

ትዕግስት ከባሕር ዳር

ፊልሙን አላየሁትም፣ ይቅርታ። ግን ጽሑፋችሁን ሳነብ የራሴ ነገር መጣብኝ። ታናሽ እህቴ የሚጥል በሽታ አለባት፣ ፌኖባርቢታል ትወስዳለች፣ ከጀመረች ወዲህ ብዙ ተሽሏታል። እናቴ ግን ጠበል ልትወስዳት ነው፣ ሱባኤ ልታስገባት። እዚያ ሰዎች መድኃኒቱን ትተው ነው የሚመጣ ብለዋታል። እናቴ ክፉ ሰው አይደለችም፣ ልጇ እንድትድንላት ነው። ምን ልበላት?

ሲስተር ሰናይት

ትዕግስት እህቴ፣ መድኃኒቱ አንድ ቀንም እንዳይቋረጥ። ሐኪሟ ሳያውቅ መጠኑም አይቀነስ። ሱባኤ ከገባች የሚበቃትን ያህል ክኒን ይዛ ትሂድ፣ ሰዓቱን የሚያስታውሳት ሰው አብሯት ይሁን። እንቅልፍ ማጣትና ባዶ ሆድ ሕመሙን ይቀሰቅሱታል፣ ስለዚህ ሌሊት ሙሉ መቆምና እስከ ማታ መጾም ለእሷ አይሆንም። ብቻዋን ውኃ ውስጥ አትግባ። ከጣላት በጎኗ አስተኟት፣ ጭንቅላቷ ሥር ልብስ አድርጉላት። አፏ ውስጥ ምንም አትክተቱ። ክብሪት ማሽተት የሚባለው ነገርም ምንም አይጠቅማትም። ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየባት ወይም ሳትነቃ ከደገመባት ቀጥታ ጤና ጣቢያ ነው።

ዲያቆን ዘሚካኤል

ሲስተር ያሉትን ሁሉ ያዥ። እናትሽን ግን አንቺ ብቻሽን አትከራከሪያት፣ እምነቴን ተቃወመች ብላ ትቀየምሻለች። የንስሐ አባታችሁን ቀድመሽ አግኚና ነገሩን ከነመድኃኒቱ ስም አስረጂያቸው። እሳቸው «ጠበሉንም ትጠመቅ፣ ክኒኑንም ትዋጥ» ካሏት ትሰማለች። የታመመ ሰው ከጾም እንደሚፈታም እሳቸው ይንገሯት። የሚቸገሩ ከሆነ ጻፊልኝ፣ እኔም እደውልላቸዋለሁ።

ትዕግስት ከባሕር ዳር

እግዜር ይስጥልኝ ዲያቆን፣ ሲስተርም ያክብርልኝ። አባን እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ አገኛቸዋለሁ። የመድኃኒቱን ካርድ ይዤ እሄዳለሁ።